ድምፅ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነቱን የደበቀ ማንን ይወቅሳል?



የምርጫ ወሬ በተነሣ ቁጥር በወልድያ የማክሰኞ ገበያ፣ በመርሳ ሻይ ቤቶች፣ በሀብሩ ገጠሮች ደግሞ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በየመስጂዱ ግቢ ሦስት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንደኛው «ምርጫ የካፊር ሥርዓት ነው፤ ሙስሊም እጁን አያስገባበትም» ይላል። ሁለተኛው «ያለቀ ነገር ነው፤ ተሰልፎ ፀሐይ መመታት ምን ይፈይዳል?» ይላል። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በዚህ አገር ሥልጣን የሚለወጠው በጠመንጃ ብቻ ነው» ይላል። የመጀመሪያው በዲን ስም፣ ሁለተኛው በተስፋ መቁረጥ፣ ሦስተኛው በቁጣ ይናገራሉ። መነሻቸው ቢለያይም ከምርጫው ቀን ሲደርሱ ሦስቱም አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ሙስሊሙ ቤቱ ይቀመጥ፣ ስለ እርሱና ስለ ልጆቹ ሌላ ሰው ይወስን ይላሉ።

እስቲ ሦስቱንም በየተራ እንመርምራቸው። ከዚያ በፊት ግን የራሳችንን ታሪክ እናስታውስ።

ራሳችን የጠየቅነው ምን ነበር?

በ1870 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲታዘዝ ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። ስለ እርሱ ተወሰነ፤ እርሱ ግን በውሳኔው ቦታ አልነበረም። ከዘጠና ስድስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966፣ የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጣ። ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰልፈው ነበር። በ1967 የሙስሊሙ ሦስት በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆነው ታወቁ። ያን ያመጣው ሰይፍ አልነበረም፤ በአደባባይ በሰላም የቀረበ ጥያቄ ነበር።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። በጥር 2004 ከአወሊያ የተነሣው፣ «ድምፃችን ይሰማ» በሚል ስም የታወቀው እንቅስቃሴ ሦስት ዋና ጥያቄዎች ነበሩት። የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፤ አወሊያ ለሕዝበ ሙስሊሙ ይመለስ፤ የመጅሊስ አመራር በነፃ ምርጫ ይመረጥ፣ ምርጫውም በቀበሌ ሳይሆን በመስጂድ ይካሄድ የሚሉ ነበሩ። ሦስተኛውን ጥያቄ ደግመህ አንብበው። ሺዎች በየጁሙዓው የቆሙለት ጉዳይ የምርጫ ጉዳይ አልነበረምን?

በሐምሌ 2004 የኮሚቴው አባላት ታሠሩ። በመስከረም 2005 ምርጫው በቀበሌ ተካሄደ። በሐምሌ 2007 በኮሚቴው አባላትና አብረዋቸው በተከሰሱት ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ። ጥያቄው ግን አብሮ እስር ቤት አልገባም። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 የመጅሊሱ አመራር ተለውጦ ሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስ በፕሬዚዳንትነት ተመረጡ። በ2012 አዋጅ ቁጥር 1207 ለመጅሊሱ ሕጋዊ ሰውነት ሰጠው። በነሐሴ 2017 ደግሞ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዶች ተካሄደ። ጥያቄው ከተነሣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

እንግዲህ «ምርጫ ምን ያደርግልናል» ለሚለው ወንድማችን ጥያቄ አለን። ምርጫ ከንቱ ነገር ከሆነ እነዚያ ወንድሞች የታሠሩት ለምን ነበር? ሐራም ከሆነ ደግሞ ለመጅሊስ የተፈቀደው የድምፅ ሣጥን ለወረዳና ለክልል ምክር ቤት ሲሆን በምን ተለወጠ? «መጅሊስ የዲን ጉዳይ ነው፣ ያኛው የዱንያ ነው» ትል ይሆናል። የመስጂድና የመቃብር ቦታ የሚሰጠው ማን ነው? የልጅህን ትምህርት ቤት፣ የእናትህን ጤና ጣቢያ፣ የገበሬውን ማዳበሪያ የሚመድበው ማን ነው? የዲንህም የዱንያህም ጉዳይ የሚያልፍበት በር አንድ ነው።

ዲኑ ምን ያስተምረናል?

«የካፊር ሥርዓት ነው» ለሚለው ወንድማችን በጥሞና እንመልስለት፤ የዲን ቅናቱን እናከብርለታለንና። ምርጫን የከለከሉ ዐሊሞች መኖራቸውንም አንክድም። ነገር ግን በአካሄዳቸው የማይገናኙ ታላላቅ ዐሊሞች በዚህ ጉዳይ መሳተፍን ደግፈዋል። የግብፁ ተወላጅ ሸህ ዩሱፍ አልቀርዳዊና የፓኪስታኑ ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ ድምፅ መስጠትን እንደ ምስክርነት ቆጥረውታል። የሳዑዲው ሸህ ኢብን ዑሰይሚንም ክፉዎች ቦታውን ብቻቸውን እንዳይዙት በምርጫ መሳተፍ እንደሚገባ ተናግረዋል።

ምስክርነት ከሆነ ብይኑ ግልጽ ነው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 283 ምስክርነትን መደበቅን አውግዟል። በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 58 አማናን ለባለቤቱ ማድረስን አዟል። በሱረቱ ሹራ አንቀጽ 38 ሙእሚኖችን ጉዳያቸውን በመመካከር የሚፈጽሙ ብሎ አወድሷል። አንድ ሰው የወረዳህን ሕዝብ ሊያስተዳድር ሲቀርብ «ይህ ሰው ታማኝ ነው፤ ያኛው አይደለም» ብለህ መናገር ምስክርነት ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል?

በሁለተኛው የዐቀባ ቃል ኪዳን የሆነውን ተመልከት። ሰባ ያህል ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ ኑሰይባ ቢንት ከዕብና አስማእ ቢንት ዐምር፣ በሌሊት ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል ሲገቡ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካከላቸው 12 ወኪሎች እንዲያወጡ አዘዟቸው። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ወኪሎቹን ራሳቸው መሾም አይችሉም ነበርን? ሕዝቡ ግን የሚያውቀውን ሰው ራሱ እንዲያወጣ አደረጉ። ከዑመር (ረ.ዐ.) በኋላም ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ዑስማን ከመመረጣቸው በፊት የሕዝቡን ሐሳብ ሲጠይቁ ሰነበቱ። በኢብን ከሲር ታሪክ እንደተዘገበው ሴቶችን በየቤታቸው ሳይቀር ጠይቀዋል።

«ያ ሁሉ በሙስሊሞች መካከል ነበር፤ እኛ የምንኖረው ከሌሎች ጋር ነው» ከተባለ፣ መልሱ በገዛ አገራችን አፈር ላይ ነው። ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሃቦች በነጃሺ ጥላ ሥር ሲኖሩ በንጉሡ ላይ ተቀናቃኝ ተነሣ። ኡሙ ሰለማህ (ረ.ዐ.) እንደተረኩት ስደተኞቹ ነጃሺ እንዲያሸንፍ ዱዓ አደረጉ። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ የነበረው ዙበይር ደግሞ በአየር የተነፋ አቁማዳ ደረቱ ላይ አስሮ ወንዙን በዋና ተሻገረ፤ የውጊያውን ውጤት አይቶ ሊነግራቸው ነበር። «ማንም ቢነግሥ ለእኛ ምናችን ነው» አላሉም። ፍትሐዊው ገዥ እንዲቆይ ተጨነቁ፤ የቻሉትንም አደረጉ። የዚያን ጊዜ የቻሉት ዱዓና ዋና ነበር። ዛሬ አንተ የምትችለው የምርጫ ካርድ ማውጣት ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በፌዴራል ደረጃ ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 የወጣው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ለመጅሊሱ ሕጋዊ ሰውነት የሰጠው አዋጅም የወጣው ከዚያው ምክር ቤት ነው። ኒካሕህንና ውርስህን በሸሪዓ ለመዳኘት የምትሄድበትን ቤት የሕግ ጉልበት የሰጠው እጅ በዚያ ምክር ቤት ውስጥ የወጣ እጅ ነው። እዚያ ማን እንደሚቀመጥ ግድ የለኝም ማለት እንዴት ለዲን መቆርቆር ይሆናል?

ያለቀ ነገር ነውን?

ሁለተኛው ወንድማችን የሚናገረው ከልምድ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫዎች ተቃዋሚው 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በተነሣው ውዝግብ አጣሪ ኮሚሽኑ ባረጋገጠው መሠረት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። በ2002 ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ያዙ። ይህን ያየ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን እናስተውል። መቶ በመቶ የተሞላው ምክር ቤት ሥራ በጀመረ በአንድ ዓመት ገደማ፣ መስከረም 29 ቀን 2009፣ በአገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በምክር ቤቱ አንድ የተቃውሞ ድምፅ አልነበረም፤ አገሩ ግን በተቃውሞ ተሞልቶ ነበር። ገዥ ሆይ፣ ይህ ለአንተም ትምህርት ነው። በሣጥን እንዳይወጣ የከለከልከው ብሶት በጎዳና ይወጣል፤ ጎዳናው ሲዘጋበት ወደ ጫካ ይገባል። የተጭበረበረ ምርጫ በሽታውን አያድነውም፤ ሕመሙን ብቻ ይሸፍነዋል።

ለመራጩም ትምህርት አለው። ድምፅ የሚሰረቅ ንብረት መሆኑን ካወቅህ፣ ሌባ አለ ተብሎ መሬት አይታረስምን? ሌባ ሲኖር ገበሬ ማሳውን ትቶ አይሄድም፤ ማማ ሠርቶ ይጠብቃል። በአገራችን ሕግ ቆጠራው የሚደረገው በምርጫ ጣቢያው ነው፤ ውጤቱም በዚያው ይለጠፋል። ታዛቢ መሆን፣ የተለጠፈውን ቁጥር መመዝገብ፣ ቅሬታን በጽሑፍ ማቅረብ የድምፅ ማማ ናቸው። ቤቱ የተቀመጠ ሰው ግን ምን ይጠብቃል? ያልሰጠውን ድምፅ ማንም ሊሰርቀው አይችልም፤ ማንም ሊቆጥርለትም አይችልም።

«አንድ ድምፅ ምን ያመጣል» ለሚለው ደግሞ ከጎረቤት እንጥቀስ። በሶማሌላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ፣ የምርጫ ኮሚሽኑ መጀመሪያ ባስታወቀው ውጤት አሸናፊውና ተሸናፊው የተለያዩት በ80 ድምፅ ነበር። ሰማንያ ሰው! ከአንድ ሠርግ ቤት ዳስ አይሞላም። ያ ሕዝብ ረዥም የእርስ በርስ ጦርነት ያሳለፈ፣ ጠመንጃም ያልጠፋበት ሕዝብ ነው። ተሸናፊው አሕመድ ሲላንዮ ግን ጉዳዩን በፍርድ ቤት ተከራክሮ፣ ውሳኔው ሲወጣ ወደ ጫካ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ2010 እንደገና ተወዳደረ፤ አሸነፈ፤ ተሸናፊው ፕሬዚዳንትም ሥልጣኑን አስረከበ። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነው በሴኔጋልም እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2012 በሥልጣን ላይ የነበሩ ፕሬዚዳንቶች መሸነፋቸውን ተቀብለው ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ደግሞ ባሲሩ ጆማይ ፋይ ከእስር በተፈታ በቀናት ውስጥ በሕዝብ ድምፅ ተመርጧል። እነዚህ አገሮች ከእኛ የተለየ ፍጥረት የለባቸውም፤ የተለየው ድምፃቸውን አጥብቀው መያዛቸው ነው።

የዳቦ ጉዳይ

ምርጫ የከተማ ምሁራን ጨዋታ የሚመስለው ካለ የወሎን ረሀብ ያስታውስ። በ1965 እና በ1966 ሕዝባችን ሲረግፍ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ነበረ። ከ1948ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ እንደራሴዎች በምርጫ ይገቡ ነበር። ነገር ግን ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ሚኒስትሮችን የሚሾመውና የሚሽረው ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። የወሎ ገበሬ ረሀቡን የደበቀበትን ሹም የሚያወርድበት ምንም መንገድ አልነበረውም። የተራቡት በሰሜኑ አውራ ጎዳና ዳር ቆመው መኪና እያስቆሙ ለመኑ።

ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርቲያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ረሀብ መርምሯል። በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው እህል ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። የወሎ ሰው ግን የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ ሰው እየሞተ ሳለ እህል በደሴ በኩል ከወሎ ይወጣ ነበር። ሱብሓነላህ! ሴን በኋላ በጻፋቸው ሥራዎች የደረሰበት መደምደሚያ የታወቀ ነው፤ ገዥዎች በምርጫ በሚጠየቁበትና ጋዜጣ በነፃነት በሚጽፍበት አገር ትልቅ ረሀብ አልደረሰም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሕዝቡ ሞት ወንበሩን የሚያሳጣው ሹም ረሀቡን አይደብቅም። የልጅህ እንጀራ ከድምፅህ ጋር የተሳሰረው እንዲህ ነው።

ጠመንጃው ምን ሰጠን?

ወደ ሦስተኛው ወንድማችን እንምጣ። ቁጣው ባዶ አይደለም፤ የተበደለ ሰው ቁጣ ነው። ሆኖም የየጁ ሰው ስለ ጠመንጃ ከማንም ተምሮ አያውቅም፤ ራሱ ያውቀዋል። ዘራቸው ከሸህ የሚመዘዝ፣ «ወረ ሼህ» የሚባሉት የየጁ መሳፍንት በጎራዴ መጥተው ሰባ ዓመት ያህል የጎንደርን ዙፋን ጠበቁ፤ በ1845 ራስ ዐሊ በአይሻል ሲሸነፉ በጎራዴ ሄዱ። በ1967 ንጉሡን ያወረደው ጦር ነው፤ በ1983 ደርግን ያወረደው ሌላ ጦር ነው። በእነዚህ ሁሉ መካከል የሀብሩ ገበሬ ምን አገኘ? የመጣውን ጦር አበላ፤ የሄደውን ጦር ቀበረ።

በዘመናችን ደግሞ ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ ተደርጎ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ፣ ወልድያ በጦርነቱ ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ሕዝቡ ያየውን መከራ ለእናንተ መንገር ለባለቤቱ መንገር ነው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ ዳግመኛ ውጊያ ተነሣ። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ፣ መንገድ ተዘግቶባት በቤቷ የወለደች እናት ይህን ያውቃሉ። በጠመንጃ የመጣ ገዥ ተጠሪነቱ ለጠመንጃው ነው። ለአንተ የሚመልሰው ነገር አይኖረውም፤ ከአንተ የተቀበለው ነገር የለምና። ድምፅህን ለምኖ የገባ ግን ተመልሶ እንደሚለምንህ ያውቃል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 መራጩ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሣት እንደሚችል ደንግጓል። ጠመንጃን በምን አንቀጽ ታወርደዋለህ?

ምርጫ የሚካሄድበት ሰላም ከሌለስ? ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ እርቅና ሱልሕ ነው። ወሎ ደም የሚያደርቁ አበጋሮችና መሻይኾች ያሉባት ምድር ናት። እርቁ የሚጸናው ግን ከእርቁ በኋላ ሰው ያለ ደም የሚከራከርበት ቦታ ሲያገኝ ነው። ያም ቦታ የድምፅ ሣጥኑ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቅሬያችንን እንመልከት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተሰብስቦ ዳኛውን ይመርጣል፤ ገንዘብ ያዡን ሒሳብ ይጠይቃል፤ ያጠፋውን ያነሣል። የቅሬውን ዳኛ የሚመርጥ ሰው የወረዳውን ተወካይ መምረጥ እንዴት ያቅተዋል?

አባት ሆይ፣ በጊዜው ተመዝገብ፤ ካርድህን ከመታወቂያህ ጋር አስቀምጥ። ለባለቤትህና ለደረሱ ልጆችህም ካርድ እንዲያወጡ አግዛቸው፤ ነገር ግን በድምፃቸው አትዘዝባቸው። እህቴ ሆይ፣ የኑሰይባን ቃል ኪዳን ባሏ አልገባላትም፤ ራሷ ነች የገባችው። አንቺም በምስጢር ክፍሉ ውስጥ ከአላህ በቀር የሚያይሽ የለም። ወጣት ሆይ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላህ ምስክር ሆነሃል፤ ዕጩውን ስለ ሥራው ጠይቀው፣ ስለ ዘሩ አትጠይቀው። ድምፃችሁን በማዳበሪያ፣ በእርዳታ ስንዴ ወይም በጎሣ ስም አትሽጡ፤ የተሸጠ ምስክርነት የሐሰት ምስክርነት ነው። ኢማሞቻችንም ሕዝቡን «ምረጡ፤ ፍትሐዊውን ምረጡ» ይበሉት፤ ሚንበሩን ግን ለአንድ ፓርቲ አያከራዩት፤ በሶፉ ውስጥ የሁሉም ፓርቲ ሰው አለና።

ምርጫው ካለቀ በኋላም ሥራው አያልቅም። የመረጥነው ካሸነፈ ቃሉን እንጠይቀው፤ ከተሸነፈ ያሸነፈውን እንከታተለው። በመጅሊሱ ጉዳይ አሥራ ሦስት ዓመት የታገሠ ሕዝብ በአንድ ምርጫ ቂም ይዞ የሚቀመጥበት ምክንያት የለውም።

ነገ በቂያማ ቀን የምንጠየቀው አሸነፍን ወይስ ተሸነፍን ተብለን አይደለም፤ ምስክርነታችንን እንዴት እንዳደረስን ነው። የደበቀው ሰው ግን ዛሬ በሹሙ ላይ ሲያማርር ነገ ምን ብሎ ይመልሳል?

አላህ (ሱ.ወ.) ለአገራችን ሰላምን፣ ለመሪዎቻችን ፍትሕን፣ ለእኛም ሐቅን ሳንደብቅ የምንመሰክርበትን ልብ ይስጠን። ኣሚን። ወሏሁ አዕለም።